ደብተር የሌለው መዋጮ

ቁሐር ሚካኤል ላይ የኳስ ወቅት የሚከፈተው ሩዝ ሲታጨድ ነው። ክረምቱን ርብና ጉማራ ሞልተው ሲተኙበት የፎገራ ሜዳ ከጣና ጋር ያለው ወሰን ይጠፋል፤ ደረቅ መሬት ቢገኝ እንኳ ከብቱ ይቀድማል። ኅዳር ላይ ውሃው ይሸሻል፣ ነዶው ይከመራል፣ ጥቁሩ አፈር መሰንጠቅ ይጀምራል። ያኔ አራት የባሕር ዛፍ አጣና ይተከልና ማሳው ሜዳ ይሆናል። የታጨደው ሩዝ ሥር ባዶ እግር ይወጋል፤ ስንጥቁ ቁርጭምጭሚት ይይዛል። ልጆቹ ግን ስለ መሬቱ ሲያማርሩ አልሰማሁም። የሚያማርሩት ስለ ኳሱ ነው።

ኳሱ የመዋጮ ነው። ገንዘብ ያዡ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ሲሆን የሒሳብ ትምህርት ደብተሩን ገልብጦ ከጀርባው የቡድኑ መዝገብ አድርጎታል። ሦስት ዐምድ አለው፤ ስም፣ የከፈለው፣ የቀረበት። ከታች ወጪው ተጽፏል፤ ኳስ፣ የመንፊያ መርፌ፣ ለተቀደደው ማሰፊያ። ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት ደብተሩ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ዕዳ ያለበት ተቀያሪ ይሆናል፤ የቱንም ያህል ጎበዝ አጥቂ ቢሆን። ይህን ሥርዓት ያስተማራቸው የለም። አባቶቻቸው በየወሩ በ12 በሚካኤል ማኅበር ሲሰበሰቡ ያዩትን ነው ሜዳ ላይ ያመጡት።

እኔም በልጅነቴ የሰፈራችን ቡድን ገንዘብ ያዥ ነበርሁ። ከመዋጮው ጥቂት ብር ለሻይና ለብስኩት ወጣች፤ ደብተሩ ሲነበብ ሒሳቡ አልገጠመልኝም። እጅ ተቆጠረና ተሻርሁ። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለውን ተረት የሰማሁት ያን ዕለት ማታ ከአያቴ ነው፤ እየሳቀች። እኔ ግን በልቼም ተቆጭቻለሁ።

እነዚሁ የቁሐር ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወረታ ገብተው ሌላ መዋጮ ይከፍላሉ። ዲኤስ ቲቪ ቤቱ ቆርቆሮ ነው፤ ረጃጅም አግዳሚዎች፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስክሪን፣ በር ላይ ጨዋታውና ሰዓቱ በጠመኔ የተጻፈበት ሰሌዳ። ብሩን የሚቀበለው ወጣት ደብተር የለውም፣ ደረሰኝም አይቆርጥም። አያስፈልግም፤ የከፈለ ይገባል። ከዚያ በኋላ ያ ብር የት እንደሚሄድ ግን አግዳሚው ላይ ከተቀመጡት አንዳቸውም ጠይቀው አያውቁም። እኔም ብሆን የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው።

የቤቱ ባለቤት ለዲኤስ ቲቪ ይከፍላል። ጣቢያው ለሊግ፣ ለአፍሪካ ዋንጫና ለዓለም ዋንጫ ባለመብቶች ይከፍላል። ከላይ የተቀመጠው ፊፋ ከ2019 እስከ 2022 (እ.ኤ.አ.) ባሉት አራት ዓመታት ያስገባው ከ7 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል፤ የዚህም ትልቁ ድርሻ ከቴሌቪዥን መብት ሽያጭ የመጣ ነው። እንግዲህ የዓለም እግር ኳስ ሀብት ማለት በመጨረሻ ሲፈታ እንዲህ በየበሩ የሚለቀም ሳንቲም ነው። ዳካር፣ ሊማ፣ ማኒላ፣ ወረታ።

የእግር ኳስ ሹማምንት ስርቆትም የተፈጸመው እዚሁ መብት ሽያጭ ላይ ነበር። ነገሩን ለፎገራ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፤ የሩዝ ነገር ነውና። አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላቱን ሩዝ ይሸጣል እንበል። ሊቀመንበሩ ጨረታ ሳያወጣ ለአንድ ነጋዴ በርካሽ ይሰጠዋል። ነጋዴው ወረታ አስፈልፍሎ ባሕር ዳር በደህና ዋጋ ይሸጣል። ከትርፉ ላይ ለሊቀመንበሩ ማታ ቤቱ ድረስ ፖስታ ይመጣለታል። ማኅበሩ “ሩዛችን ተሽጧል” ይላል፤ እውነት ነው፣ ተሽጧል። የጎደለው በየትኛውም ደብተር ላይ አይታይም፤ ያልገባ ገንዘብ እንዴት ይጻፋል?

በሩዙ ፈንታ የኮፓ አሜሪካን፣ የኮፓ ሊበርታዶሬስን፣ የሰሜንና መካከለኛው አሜሪካን የጎልድ ካፕ የቴሌቪዥን መብት ተኩ። በነጋዴው ፈንታ የስፖርት ግብይት ኩባንያዎችን። የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ ብሩክሊን ባለው ፍርድ ቤት የዘረገፈው ክስ ባጭሩ ይህ ነው።

ግንቦት 19 ቀን 2007 ዓ.ም ማለዳ ሲቪል የለበሱ የስዊዘርላንድ ፖሊሶች ዙሪክ ውስጥ ባውር ኦ ላክ ወደሚባለው የታወቀ ሆቴል ገቡ። የፊፋ ጉባኤ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ሹማምንቱ ከየአህጉሩ መጥተው ተኝተዋል። ፖሊሶቹ ከእንግዳ መቀበያው የክፍል ቁጥር ጠይቀው ወጡና ሰባት ሰው ይዘው ወረዱ። የሆቴሉ ሠራተኞች እንግዶቻቸውን ከካሜራ ለመከለል ነጭ አንሶላ ዘርግተው እስከ መኪናው ሸኟቸው። ያ አንሶላ በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ወጣ፤ እኔ ከክሱ ወረቀት ይልቅ የማስታውሰው እሱን ነው። በዚያው ዕለት ዋና ዐቃቤ ሕጓ ሎሬታ ሊንች 47 ነጥቦች ያሉትን ክስ በ14 ሰዎች ላይ ይፋ አደረጉ፤ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጉቦና እጅ መንሻ፣ በ24 ዓመታት ውስጥ። በኅዳር መጨረሻ ሌሎች 16 ሰዎች ተጨመሩ።

ያን ጊዜ ወረታም አዲስ አበባም አንድ ጥያቄ ነበር፤ አሜሪካን ምን አገባት? ኳስ እንኳ ሌላ ስም ሰጥታ የምትጠራ አገር።

መልሱ ባንክ ነው። ጉቦው በዶላር ይከፈል ነበር፤ በዶላር የሚተላለፍ ገንዘብ ደግሞ ከየትም ተነሥቶ የትም ቢሄድ አብዛኛውን ጊዜ ኒውዮርክ ባሉ ባንኮች በኩል ያልፋል። በአሜሪካ ምድር ያለፈ ገንዘብ የአሜሪካ ዳኛ ፊት ሊቀርብ ይችላል። የተጠቀሙበትም ሕግ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ለማፊያ የወጣው ነው፤ አንድን ሌባ ለብቻው ሳይሆን ድርጅቱን እንደ ድርጅት የሚከስ። ጉዳዩን ከፈለፈሉት ሰዎች አንዱ ከኤፍ ቢ አይ ሳይሆን ከግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የመጣ መርማሪ ነበር፤ ስቲቭ ቤሪማን። በር የከፈተላቸውም ሰው የተያዘው በግብር ነው። ቹክ ብሌዘር፣ የሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋና ጸሐፊ፣ ለዓመታት ግብር አላስታወቀም። ከእያንዳንዱ ውል ዐሥር በመቶ ስለሚወስድ “አቶ ዐሥር በመቶ” ይሉት ነበር፤ በኒውዮርኩ ትራምፕ ታወር ለራሱ አንድ፣ ለድመቶቹ ሌላ አፓርታማ እንደነበረው ተዘግቧል። መርማሪዎቹ ሲደርሱበት ከመታሰር መተባበርን መረጠ። በ2012ቱ የለንደን ኦሊምፒክ የቁልፍ መያዣ ውስጥ የተደበቀ መቅጃ ይዞ ከባልደረቦቹ ጋር ሲጨዋወት ከረመ። በ2013 በዝግ ችሎት ጥፋቱን አመነ።

በዚያ ክስ ውስጥ አፍሪካም አለች። በ2004 (እ.ኤ.አ.) የ2010ሩን ዓለም ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ሞሮኮን 14 ለ 10 አሸንፋ ስትወስድ ደስታው የሁላችን ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ለደቡብ አፍሪካ አዘጋጅ ኮሚቴ ከሚሰጠው ገንዘብ ላይ 10 ሚሊዮን ዶላር ተቀንሶ በፊፋ በኩል የትሪኒዳዱ ጃክ ዋርነር ወደሚያዛቸው ሒሳቦች ገባ። ዐቃቤ ሕግ የድምፅ ዋጋ ነው አለ። ደቡብ አፍሪካ በካሪቢያን ላሉ የአፍሪካ ልጆች እግር ኳስ ማልሚያ የሰጠነው ነው ብላ አስተባበለች፤ ዋርነርም ጥፋተኛ አይደለሁም ይላል፤ ተላልፎ እንዲሰጥ የተጠየቀበት ጉዳይ በአገሩ ፍርድ ቤቶች ለዓመታት ተጎተተ።

ጉቦው ለምን በዚህ ስፋት ሊሠራ እንደቻለ ለመረዳት ወደ ድምፁ መመለስ ያሻል፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ደግሞ ኢትዮጵያዊ ቆሟል።

ፊፋ ውስጥ ትልቅ አገርም ትንሽ አገርም አንድ ድምፅ አለው። ይህ ሥርዓት አፍሪካን አንገቷን ቀና ያደረገላት ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) በ1949 ዓ.ም ካርቱም ላይ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ መካከል የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ፣ በ1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትቶ ዋንጫ ያነሣውን ቡድን ያሠለጠኑት እሳቸው፣ ከ1972 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የካፍ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፍራንክፈርት ላይ የፊፋው እንግሊዛዊ ፕሬዚዳንት ስታንሊ ራውስ ከብራዚላዊው ጆዋዎ ሃቬላንጅ ጋር ተወዳደሩ። ራውስ ለአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ፊታቸውን አላጠቆሩም ነበር፤ አፍሪካም ድምፅዋን ይዛ ተነሣች። ሃቬላንጅ 68 ለ 52 አሸነፉ። በ1976 (እ.ኤ.አ.) ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ተባረረች። ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም ሲያርፉ ትተውት የሄዱት ይህንን ድምፅ ነው።

ምፀቱ ያሸነፉት ሰው ላይ ነው። ሃቬላንጅና አማቻቸው ሪካርዶ ቴሼራ፣ የዓለም ዋንጫን መብት ሲነግድ ከነበረው አይ ኤስ ኤል ከተባለ ኩባንያ በሚሊዮን የሚቆጠር የስዊስ ፍራንክ እንደተቀበሉ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆነ የፍርድ ቤት ሰነድ አረጋገጠ። ኩባንያው በ2001 ከስሮ ሒሳቡ ባይበረበር ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። ሁለቱ ለምን አልታሰሩም? በዚያ ዘመን ስዊዘርላንድ ውስጥ የግል ማኅበር ሹም ጉቦ ቢበላ ወንጀል አልነበረም። ፊፋ በሕግ ፊት የግል ማኅበር ነው፤ እንደ መዘምራን ማኅበር፣ እንደ አትክልተኞች ክበብ። ያ ሕግ የጠበቀው በ2016 ነው፤ ጅብ ከሄደ በኋላ።

የይድነቃቸውን ወንበር የተረከቡት ካሜሩናዊው ኢሳ ሃያቱ 29 ዓመት ተቀመጡበት። ከአይ ኤስ ኤል በ1995 (እ.ኤ.አ.) 100 ሺህ የፈረንሳይ ፍራንክ መቀበላቸው ሲነሣ ገንዘቡ ለካፍ በዓል የተሰጠ ነው አሉ፤ የዓለም ኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2011 ገሠጻቸው፣ አለቀ። የአፍሪካ ዋንጫን ምስል ለዐሥራ ሁለት ዓመት፣ በቢሊዮን ዶላር ለፈረንሳዩ ላጋርዴር የሸጡበትን ውል የግብፅ የውድድር ባለሥልጣን ያለ ግልጽ ጨረታ ነው ብሎ ለዐቃቤ ሕግ መራው። ፊፋ በ2021 አንድ ዓመት ሲያግዳቸው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ሻረው። እውነቱ የቱ ጋ እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ፤ የወረታው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የአፍሪካ ዋንጫን ያዩ ልጆች ግን ያ ውል እንደነበረ እንኳ የነገራቸው የለም።

ሃያቱ የወደቁት አዲስ አበባ ላይ ነው። መጋቢት 7 ቀን 2009 ዓ.ም የማዳጋስካሩ አህመድ አህመድ 34 ለ 20 አሸነፉ። ያን ቀን ከተማችን ውስጥ የነበረው ስሜት ትዝ ይለኛል፤ ስማቸው ሁለት ጊዜ የሚጠራው ሰውዬ ማን እንደሆኑ የሚያውቅ ጥቂት ነበር፣ ደስታው ግን ብዙ። አዲሱ ፕሬዚዳንት ግልጽነትን ቃል ገቡ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ፓሪስ ውስጥ ካረፉበት ሆቴል የፈረንሳይ ፀረ ሙስና ፖሊስ ወስዶ ጠየቃቸው፤ ክስ ሳይመሠረትባቸው ተለቀቁ። ፊፋ ራሱ ግን በ2020 መጨረሻ አምስት ዓመት አገዳቸው፤ ለፌዴሬሽን ፕሬዚዳንቶች የመካ ጉዞ በካፍ ገንዘብ መክፈላቸውና ታክቲካል ስቲል ከሚባል ፈረንሳይ ካለ ኩባንያ ጋር የነበራቸው ግዢ ከምክንያቶቹ ውስጥ ነበሩ። የግልግል ፍርድ ቤቱ ወደ ሁለት ዓመት ዝቅ አደረገላቸው። የሒሳብ መርማሪ ኩባንያው ፒ ደብሊው ሲ ካፍ ከፊፋ የተቀበለውን የልማት ገንዘብ ሲያይ፣ ከፈተሻቸው ክፍያዎች የበዙት በቂ ሰነድ አልነበራቸውም። ማለትም ደብተሩ ነበረ፤ ሦስተኛው ዐምድ ባዶ ነበር።

ይህ ሁሉ የወጣው በአንድ ሰው ነው፤ ስለሱ ትንሽ ልቆይ። አምር ፋህሚ ይባላል፤ የካፍ ዋና ጸሐፊ ነበር። አያቱ ሙራድ ፋህሚ ከ1961 እስከ 1982 (እ.ኤ.አ.) በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ይድነቃቸው ፕሬዚዳንት ሆነው በሠሩባቸው የመጀመሪያ ዐሥር ዓመታት ደብዳቤውን የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ። አባቱ ሙስጠፋ ፋህሚ ተከተሉ፤ እስከ 2010። ካፍ ለዚህ ቤተሰብ መሥሪያ ቤት ብቻ አልነበረም፣ ርስት ነበር ማለት ይቻላል፤ እንዲህ ያለ ውርስ በራሱ ጤናማ ነው አልልም። ሦስተኛው ፋህሚ ግን ካይሮ ውስጥ የአል አህሊ ደጋፊዎችን ማኅበር ከመሠረቱት ወጣቶች አንዱ ነበር፤ ከመድረኩ ይልቅ ከደጋፊው መቀመጫ የመጣ። በመጋቢት 2019 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ አለቃውን ከሶ ሰነዱን ለፊፋ ላከ፤ ለአንዳንድ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንቶች 20 ሺህ፣ 20 ሺህ ዶላር እንዲሰጥ አዝዘዋል የሚል ክስም ነበረበት፤ አህመድ አስተባብለዋል። በሚያዝያ ከሥራ ተባረረ። በሽታ ነበረበት፤ ካንሰር። በየካቲት 2020፣ ገና 36 ዓመቱ ሳለ ሞተ። ፊፋ አህመድን ያገደው እሱ ከተቀበረ ከዘጠኝ ወር በኋላ ነው።

ወደ አገር ቤት እንመለስ። እዚህ ጋ ነገሩ ይጠጥራል።

ፊፋ አንድ ጥብቅ ሕግ አለው፤ አባል ፌዴሬሽኖች ሥራቸውን ማንም ጣልቃ ሳይገባባቸው መምራት አለባቸው፣ መንግሥትም ቢሆን። ዓላማው መልካም ነው፤ ሚኒስትር ተነሥቶ አሠልጣኝ እንዳይሾም። ግን ግድግዳ ሌባን ብቻ አይከለክልም፣ ዘበኛንም ይከለክላል። በ2000 ዓ.ም የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ጠቅላላ ጉባኤ ፕሬዚዳንቱን ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስን ሻረ። ፊፋ ሽረቱን አልተቀበለም፤ የራሱን የመፍትሔ ዕቅድ ሰጠ፣ አልተፈጸመም አለ፣ ሐምሌ 22 ቀን ኢትዮጵያን አገደ። ነገሩ የሙስና ክስ አልነበረም፣ የሥልጣን ሙግት ነበር። ሒሳቡን የከፈሉት ግን ተጫዋቾቹ ናቸው። መስከረም 2 ቀን 2001 ዓ.ም፣ በእንቁጣጣሽ ማግስት፣ ከ2010ሩ ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተሰረዝን፤ ሞሪታኒያን ያሸነፍንባቸው ውጤቶች ሳይቀሩ። የራሳችን አህጉር ላይ የሚዘጋጀው፣ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዓለም ዋንጫ።

ጎረቤታችን ኬንያ ያየችው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በ2021 ኅዳር (እ.ኤ.አ.) መንግሥት በሒሳብ ጉድለት ስም ፌዴሬሽኑን በተነ፤ ፕሬዚዳንቱ ኒክ ምዌንድዋ በማግስቱ ተያዙ። ፊፋ በየካቲት አገሪቱን አገደ፤ እገዳው እስከ ኅዳር 2022 ቆየ፣ ክሱም በኋላ ተቋረጠ። ዙሪክ ላይ ፖሊስ በማለዳ በር ሲያንኳኳ ፊፋ ስዊዘርላንድን አላገደም፣ አሜሪካንም አላገደም። ይልቁንም የ2026ቱን ዓለም ዋንጫ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ሰጣት። እርግጥ ፖሊስ ሰው ሲይዝና ሚኒስትር ፌዴሬሽን ሲያፈርስ አንድ አይደለም፤ የሕግ ሰዎች ይህን ልዩነት ደጋግመው ነግረውኛል፣ ተቀብያለሁም። ልዩነቱ ግን የደካማ አገር ፖሊስን ብዙም አያጽናናም፤ አንድ የመዝገብ ክፍል ሲያሽግ አገሩ ከዋንጫ ትቀር ይሆን ብሎ ማሰቡ አይቀርም።

ሕጉስ አለን። አዋጅ ቁጥር 881/2007 የሙስና ወንጀልን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት አውጥቶ “ሕዝባዊ ድርጅት” ወደሚላቸው አስፋፍቷል፤ ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድሩ ሁሉ ይገቡበታል። ፌዴሬሽንም ክለብም በዚህ ትርጉም ውስጥ የሚገቡ ይመስለኛል። አዋጁ ለይቶ ካወጣቸው መካከል ግን እድር ይገኝበታል። ሕግ አውጪው ይህን ሲጽፍ ምን እንዳሰበ ባላውቅም ፎገራን የሚያውቅ ሰው ፈገግ ይላል፤ በዚህ አገር ደብተሩ በሰው ፊት ጮክ ተብሎ የሚነበብ ተቋም ቢኖር እድር ነው። ዐቃቤ ሕግ አያስፈልገውም፤ ሒሳቡ የጎደለበት ሰው ከወረዳው ሳይወጣ በቀብር ላይ የሚቆምበት ቦታ ያጣል።

የብሩክሊኑ ክስ በመጨረሻ ምን አመጣ? ብራዚላዊው ሆሴ ማሪያ ማሪንና የፓራጓዩ ሁዋን አንሄል ናፑት በ2017 ታኅሣሥ (እ.ኤ.አ.) ጥፋተኛ ተባሉ፤ ዳኛ ፓሜላ ቼን ለመጀመሪያው አራት፣ ለሁለተኛው ዘጠኝ ዓመት ፈረዱ። የፔሩው ማኑኤል ቡርጋ ነፃ ወጣ። ብዙዎች አምነው ገንዘብ መለሱ። የፊፋ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሴፕ ብላተር ከቅሌቱ ሁለት ቀን በኋላ እንደገና ተመርጠው፣ በአራተኛው ቀን እለቃለሁ አሉ፤ እሳቸውና የአውሮፓው ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት የነበሩት ሚሼል ፕላቲኒ በሁለት ሚሊዮን ፍራንክ ክፍያ ስዊዘርላንድ ውስጥ ተከሰው ሁለት ጊዜ ነፃ ተባሉ።

ከሁሉ የሚገርመኝ የተመለሰው ገንዘብ ነው። የአሜሪካ ሕግ የግል ማኅበርን ጉቦ በቀጥታ ስለማይከስ፣ ዐቃቤ ሕጎቹ ክሱን የሠሩት “ሹማምንቱ የገዛ ማኅበራቸውን ታማኝ አገልግሎት ሰረቁ” ብለው ነበር። እንዲህ ከሆነ ተበዳዩ ማን ነው? ማኅበሩ፤ ፊፋ። በ2021 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ከተወረሰው ላይ እስከ 201 ሚሊዮን ዶላር ለፊፋና በቅሌቱ መሐል ለነበሩት ለሁለቱ የአሜሪካ አህጉር ኮንፌዴሬሽኖች እንዲሰጥ ፈቀደ፤ በፋውንዴሽን በኩል፣ በቁጥጥር ሥር፣ ለልማት። ሕጉ ትክክል ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን ሊቀመንበሩ የሰረቀውን የሩዝ ዋጋ ለዚያው ማኅበር ቢሮ መልሶ፣ አርሶ አደሩን በበሩ ላይ እንደ ማቆም ነው።

ከወረታ ባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም፣ ለኅዳር ሚካኤል ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ዋልያዎቹ በባሕር ዳር ስታዲየም ኮትዲቯርን 2 ለ 1 አሸነፉ። ከተማዋ ዐባይ ዳር ናት። በመጋቢት 2013 ዓ.ም እዚያው ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ረትተው ለአፍሪካ ዋንጫ አለፉ። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ተሸነፉ፤ ካፍ ከዚያ በኋላ ሜዳው መለኪያዬን አያሟላም አለ። ከዚያ ወዲህ ብሔራዊ ቡድናችን “የሜዳው” ጨዋታ ሲደርስ ሻንጣ አንሥቶ ወደ ማላዊ፣ ወደ ሞዛምቢክ፣ ወደ ሞሮኮ ለዓመታት በረረ። የዐባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። ስታዲየሙ ያላለቀው ገንዘብ ተሰርቆ ነው የሚል ማስረጃ የለኝም፣ አልልምም። ፊፋ በ2023 (እ.ኤ.አ.) በተጀመረው የአራት ዓመት ዙር ለእያንዳንዱ አባል ፌዴሬሽን እስከ 8 ሚሊዮን ዶላር የልማት ድጋፍ መድቧል። ነሐሴ 22 ቀን 2014 ዓ.ም ፌዴሬሽናችን ፕሬዚዳንቱን የመረጠበት ጠቅላላ ጉባኤ የተካሄደው ከቁሐር ሩቅ ባልሆነችው ጎንደር ነበር። ቁሐር ላይ ስለ ምርጫው ያወሩኝ ሁሉ ማን እንዳሸነፈ ያውቃሉ። ስለ ገንዘቡ የጠየቅኋቸው ጊዜ ግን ዝም ብለው አዩኝ።

በመጨረሻው ቀኔ ልጆቹ ሜዳ ሄድሁ። ኳሱ መስኖ ቦይ ውስጥ ወድቆ አንዱ እስከ ጉልበቱ ገብቶ እያወጣው ነበር። ለአዲስ ኳስ የምትረዳ ጥቂት ብር ከኪሴ አውጥቼ ለገንዘብ ያዡ ሰጠሁት። አልተቀበለኝም፤ መጀመሪያ ደብተሩን ከሸሚዙ ሥር አወጣ።

“ጋሼ፣ ሙሉ ስም?”

ነገርሁት። ጻፈ። ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጥሮ መጠኑን በሁለተኛው ዐምድ አሰፈረ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ብዕሩን አንሥቶ በየወሩ ነው ወይስ ለአንድ ጊዜ ብቻ ብሎ ጠየቀኝ። ለአንድ ጊዜ አልሁት። ሰረዝ አደረገበት፤ ንባቡ ቅዳሜ ነው፣ ብትኖር ጥሩ ነበር ብሎኝ ወደ ጨዋታው ሮጠ።